ወር ያልሞላው ቅባት

መቱ ላይ ሰው ጃንጥላ የሚይዘው ለዝናብ ነው። ሲዘንብ ይከፍታል፣ ሲያባራ ያጥፋል፤ በቃ። እናቴ ግን የተገላቢጦሽ ነበረች። ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ ብቅ ስትል፣ መንገደኛው ሁሉ ጃንጥላውን እያራገፈ ሲያጥፍ፣ እሷ ያን ጊዜ የራሷን ትከፍታለች። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ አጠገቧ እየተጎተትኩ አንገቴን ደፍቼ እሄዳለሁ። የክፍል ጓደኞቼ ከሩቅ ሲያዩን "ሴና! እናትሽ ቅቤ ናት እንዴ፣ ፀሐይ የሚያቀልጣት?" እያሉ ይጮኻሉ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ይሳቁ" ትላለች እናቴ፣ እርምጃዋን ሳትቀንስ። "እኔ ዘጠኝ ዓመት ያለ ጃንጥላ ቆሜ ያተረፍኩትን አይቼዋለሁ።"

ያተረፈችው ፊቷ ላይ ነበር። እናቴ እታፈራሁ ፀጉር ቤት ከመክፈቷ በፊት በጎሬ መንገድ ላይ ባለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ትሠራ ነበር። በሽቦ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ከጠዋት እስከ ማታ፣ ዓይኗን ከፀሐይ እያጠበበች ታገላብጣለች። አባቴ ኪቲላ እኔ ገና ዳዴ ሳልል ስለሞተ ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትም። ሠላሳ ዓመት ሲሞላት በዓይኖቿ ዳር ዳር መስመር ወጥቶ ነበር። በቅንድቦቿ መሀል ሁለት፣ በጉንጮቿ ላይ ደግሞ ስትስቅ የሚመጡ፣ ሳቁ ሲያልቅ ግን የማይሄዱ ሌሎች ነበሯት።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ወጥተን አንዲት ሽንኩርት ሻጭ፣ በዕድሜ ከእናቴ በግልጽ የምትበልጥ ሴት፣ "እማማ፣ ይኸኛው ይሻልዎታል" አለቻት። እናቴ ያነሳችውን ሽንኩርት መልሳ አስቀመጠች። ሳንገዛ ወደ ቤት ተመለስን። እንደገባን መስታወቱን ከግድግዳ አውርዳ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፊቷን ለረዥም ጊዜ ተመለከተችው። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ አላለቀሰችም።

"እሺ" አለች በመጨረሻ፣ ከሰው ጋር ስትከራከር የቆየች ይመስል። "ካሁን በኋላ አንዲት መስመር በነጻ አትገባም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሕግ በሕግ ሆነ። ፊት በለብታ ውኃ ብቻ ይታጠባል። በፎጣ አይፈተግም፣ ቀስ ተብሎ ይደረቃል። ጭስ ያለበት ማጀት ውስጥ አይቆምም። ከቤት ሲወጣ ጃንጥላ። ከመኝታ በፊት ደግሞ ማር በጥቂት ዘይትና ሰም ተለውሶ ይቀባል። ዛሬ እኔ ራሴ ሆስፒታል ውስጥ በቆዳ ክፍል ነርስ ሆኜ ሳስበው፣ ማሩ መጨማደድን ያጠፋል ብዬ ለማንም አልናገርም። የጠቀማት ያ ያፈርኩበት ጃንጥላ ነው። መቱ ዓመቱን ሙሉ ደመና ስለማይለያት እኛ ፀሐይ የለብንም ብለን እንኮራለን፤ ፀሐይ ግን በደመናም ውስጥ ታልፋለች። እናቴ ይህን ማንም ሳይነግራት በራሷ ፊት ደርሳበት ነበር።

ፀጉር ቤቱን የከፈተችው በዚያው ሰሞን ነው። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ መስታወት፤ ሹሩባ የምትሠራ ሻሽቱ የምትባል ባልደረባም ነበረቻት። ሙሽሮችና የቢሮ ሴቶች ለፀጉር መጥተው ስለ ፊታቸው መጠየቅ ጀመሩ። እናቴ አንድ ደንብ ነበራት፤ ማንኛውንም አዲስ ቅባት መጀመሪያ በራሷ ፊት ላይ አንድ ወር ሙሉ ትሞክረዋለች። ከበሩ ኋላ ባለው ግድግዳ ላይ በየቀኑ በጠመኔ አንዲት ጭረት ትጭራለች። ሠላሳኛዋ ጭረት ሳትሰመር የደንበኛ ፊት በዚያ ቅባት አይነካም። ሻሽቱ "ምነው፣ ጽንስ ነው እንዴ ወር የምትቆጥሪለት!" እያለች ትስቅባት ነበር።

በ1996 ዓ.ም. ከፋሲካ በፊት ሙላቷ የምትባል ሴት ወደ ከተማችን መጣች። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ባለ መስታወት በር ፀጉር ቤት ከፈተች። ከአዲስ አበባ ያመጣችው፣ ስም ያልተጻፈበት፣ በትንንሽ ነጭ ብልቃጥ የተሞላ ቅባት ነበራት። "በአሥር ቀን ፊት እንደ ሕፃን ይሆናል" ተባለ፤ ሆነም። ሙላቷ እራሷ ረዥምና ቀጭን ሴት ነበረች፤ ሙቀትም ሆነ ብርድ የሐር ሻሿን እስከ አገጯ ድረስ ተጠምጥማ ትሄዳለች። እንዲህ ያለ ሽቅርቅርነት አይቼ አላውቅም ነበር። እኔም ቤት ውስጥ የእናቴን ነጠላ አገጬ ድረስ እየጠመጠምኩ እሷን ለመምሰል እሞክር ነበር።

ደንበኞቻችን አንድ በአንድ ወደ መናኸሪያው ሄዱ። አንድ ከሰዓት፣ ጥግ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራ የምሠራ መስዬ፣ ጆሮዬን አቁሜ እናቴና ሻሽቱ ሲያወሩ ሰማሁ።

"አንቺም አምጪዋ ያን ነገር" አለች ሻሽቱ። "ገበያው ሁሉ ጠቅልሎ ሄደ እኮ! ዝም ብለን ዝንብ እሽ እንበል?"

"ፊቷን አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"የማንን?"

"የሙላቷን። በቀን ብርሃን፣ ያለ ሻሽ።"

ሻሽቱ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

"እኔ አይቻለሁ" አለች እናቴ። "ቆዳ ይበላል ያ ነገር። እኔ በሰው ፊት ላይ አልጫወትም።"

እኔ ግን ይህን ሁሉ የሰማሁት እንደ ልጅ ነው። የቆንጆ ሴት ፊት አይቶ "ቆዳ ይበላል" የሚል ሰው ቢቀና ነው አልኩ በሆዴ። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ በሙላቷ ላይ የምትለው ሁሉ ቅናት ይመስለኝ ጀመር። በዚያ ላይ ፈርቼ ነበር። ደንበኛ ካልመጣ ፀጉር ቤቱ ይዘጋል፣ ፀጉር ቤቱ ከተዘጋ ደግሞ እናቴ ተመልሳ ፀሐይ ላይ ቡና ልታገላብጥ ነው። ይህ ቁልጭ ብሎ ይታየኝ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሙላቷ ከበሯ ላይ ጠራችኝ።

"የእታፈራሁ ልጅ አይደለሽም? ነይ እስቲ፣ ግቢ።"

ከረሜላ ሰጠችኝ። ክፍሉ ወረቀቱ አሁን እንደተላጠ የሽቶ ሳሙና ይሸት ነበር። "እናትሽ ለምንድን ነው የኔን ቅባት የማትወደው?" አለችኝ ዝቅ ብላ።

"ትፈራለች፣ እትዬ ሙላቷ።"

ከት ብላ ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ አልሳቀችም። ሻሿን አስተካከለችና አንድ ብልቃጥ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። "በይ፣ ከእኔ ስጦታ ነው። ጥቂት ጥቂት። ስታየው ትወደዋለች።" ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ዛሬም እንደዚያ ነው የማምነው። እንደ ሙላቷ ያሉ ሴቶች በየሳምንቱ ወደ እኔ ክፍል ይመጣሉ። የቀቡት ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ቆዳቸውን አስስቶ፣ አቅልቶ፣ በተነካ ቁጥር የሚቃጠል አድርጎባቸዋል። ካቆሙት ይብሳል፣ ስለዚህ ማቆም ይፈራሉ። አንገታቸውንም በሻሽ ይሸፍናሉ። ሙላቷም የምትሸጠውን በራሷ ላይ ጀምራ መውጫ ያጣች ሴት ነበረች።

በዚያ ሳምንት እናቴ አዲስ ሙከራ ጀምራ ነበር። ማር የሚያመጡልን ጋሼ ኢቲቻ የሚባሉ የዳሪሙ ሰው ነበሩ። ከጫካ ቀፎ ያወረዱትን ማር ይዘው ከዳሪሙ እስከ መኪና መንገዱ በእግራቸው ይመጣሉ። በዚያ ሰሞን ገተማ ከሚባለው የጫካ ዛፍ አበባ የተገኘ ነጭ ማር አምጥተው እናቴ በእሱ ቅባት ለውሳ የመጀመሪያዋን ጭረት ግድግዳው ላይ ጭራለች። የራሷ ቅባት ለብቻው፣ ክዳን ባላት ትንሽ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

ብልቃጡን ብሰጣት እንደምትጥለው ስለማውቅ፣ በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ፣ እናቴና ሻሽቱ በጓሮ ፎጣ ሲያሰጡ፣ በክብሪት እንጨት ጫፍ ከብልቃጡ እየጨለፍኩ እዚያች ዕቃ ውስጥ አዋህዳለሁ። ይህን የማደርገው በክፋት አልነበረም። እናቴን ከራሷ ግትርነት የማድናት እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ሻሽቱ ማበጠሪያዋን ይዛ ቆማ ቀረች። "እታፈራሁ! ምን በላሽ?"

የእናቴ የዓይን ዳር መስመሮች ጠፍተው ነበር። ጉንጮቿ ለስልሰው ያበራሉ። እናቴ መስታወቱ አጠገብ ቀርባ ፊቷን ግራና ቀኝ አዟዟረችው፤ በጣቷ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው። እንደዚያ ፈገግ ስትል አይቻት አላውቅም ነበር። "የጋሼ ኢቲቻ ማር ነው" አለች በሹክሹክታ። "ሽታውም እኮ ሌላ ነው፣ አላልኩሽም?" እኔ ጥግ ላይ ሆኜ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ።

ወሬው መቱን ለማዳረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። ደንበኞቹ ተመለሱ። አንዳንዶቹ ከጎሬ በሚኒባስ መጡ። ከሁሉም በላይ የጓጓችው ግን ዬሮሳን የምትባል ሙሽራ ነበረች። ሠርጓ የሚውለው እናቴ ሠላሳኛውን ቀን ባለፈች በአራተኛው ቀን ነው። ገና ሃያ ሦስት ዓመቷ ቢሆንም በግንባሯ ላይ ሦስት ቀጫጭን መስመሮች ነበሩ፤ አክስቷ "ከሠርግሽ በፊት ያረጀሽ" እያለች ታሾፍባት ነበር።

"እትዬ እታፈራሁ፣ ይህን ማር ዛሬውኑ ይቀቡኝ" አለቻት።

"ወር አልሞላም" አለች እናቴ። "አሥራ ስምንተኛ ቀኔ ነው።"

"ውጤቱ ይታያል እኮ! ፊትዎን እያየሁት!"

"የታየውን አየሽ፣ ያልታየውን ማን አየ? አሥራ ሁለት ቀን ጠብቂ።"

ዬሮሳን እንባዋ መጣ። "ሙላቷ ጋ እሄዳለሁ እንግዲያው።"

"መንገዱ ክፍት ነው፣ ኢንታላ ኮ" አለች እናቴ በኦሮምኛ፣ ልጄ እንደማለት፣ በለሰለሰ ድምፅ። "እኔ ግን በራሴ ላይ ያልጨረስኩትን በሙሽራ ፊት ላይ አልጀምርም።"

ዬሮሳን በሩን በርግዳ ወጣች። ደረጃው ላይ ትንሽ ቆማ፣ ተመልሳ አንገቷን አስገብታ "አሥራ ሁለት ቀን! አንድ ቀን አልጨምርም!" አለችና ሄደች። እኔ ደሜ ፈላ። ከተማው ሁሉ እግሯ ሥር ወድቆ እናቴ ጭረት ትቆጥራለች! እንደዚያ ቀን ተናድጄባት አላውቅም።

በሃያኛው ቀን ብልቃጡ አለቀ። ወደ ሙላቷ ሮጥኩ፤ በሩ ተቆልፏል። ዕቃ ልታመጣ አዲስ አበባ ሄዳለች አሉኝ። አንዴ የለሰለሰ ፊት ለስልሶ ይቀራል ብዬ ራሴን አጽናናሁና ባዶውን ብልቃጥ ፍራሼ ሥር ሸጎጥኩት።

በሃያ አምስተኛው ቀን ጠዋት እናቴ "ሴና፣ ውኃ አምጪልኝ፣ ቀዝቃዛ" ስትል ነቃሁ። ፊቷ በርበሬ የተነሰነሰበት መስሎ ቀልቶ ነበር። የዓይኗ ቆብ አብጧል፣ በአፏ ዙሪያ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ ሽፍታዎች ወጥተዋል። ነፋስ ሲነካት ጥርሷን ትነክሳለች። አልጮኸችም። ጨርቅ በውኃ እየነከርኩ ስሰጣት፣ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" የምትለው እሷ ነበረች።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ብልቃጡን ልጥለው ፍራሼን ገለጥኩ። የለም። ፍራሹን አራገፍኩ፣ ከአልጋው ሥር ተሳብኩ፤ የለም። ብዙ ካሰብኩ በኋላ አይጥ ወስዶታል ብዬ ደመደምኩ፤ ደስም አለኝ። አይጥ ብልቃጥ እንደማይወስድ ለማወቅ ነርስ መሆን አያስፈልግም ነበር። እኔ ግን ያኔ አይጡን ማመን በጣም ፈልጌ ነበር።

ከዚያ በፊት እናቴ ሆስፒታል ሄዳ፣ ሐኪሙ ሁሉንም ነገር እንድታቆም ነግሯት ነበር። ከተማው ደግሞ ፍርዱን ጨርሷል። የኢቲቻ ማር መርዝ ነው፤ ንቡ ዘንድሮ ክፉ አበባ ነው የቀሰመው። በዋዜማው፣ ሐሙስ ገበያ ላይ ጋሼ ኢቲቻ አንድ ኪሎ አልሸጡም። አንድ ሰው እንዲያውም ከእሳቸው የገዛውን አምጥቶ እግራቸው ሥር ደፋው አሉ።

ያን ዓርብ ምሽት እራት በልተን ስንጨርስ እናቴ ፊቴን እያየች "ሴና" አለችኝ። "የምትነግሪኝ ነገር አለ?"

"የለም።"

"ትንሽም ነገር?"

"ምንም የለም፣ እማዬ።"

ራሷን ነቀነቀች፤ ሳህኑን አነሳች።

በማግስቱ ጠዋት ፀጉር ቤቱ ሞልቶ ነበር። ግማሹ ለማየት የመጣ ነው። ዬሮሳን ከአክስቷ ጋር ተቀምጣለች። ጋሼ ኢቲቻ የማር ቆርቆሯቸውን ይዘው ገቡና መሀል ላይ ቆሙ። ሽማግሌ ናቸው፣ ግን ቀጥ ያሉ ናቸው።

"እታፈራሁ" አሉ። "አባቴም አያቴም ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅለው ነው የኖሩት። የኔ ማር የሰው ፊት አይበላም።" ጣታቸውን ነክረው በሁሉም ፊት ላሱት። ከዚያ ፊታቸውንም ቀቡት፣ ግንባራቸውን፣ ጉንጫቸውን። "ይኸው። እስከ ማታ እዚሁ እቀመጣለሁ። ካበጥኩ ቀፎዬን ሁሉ አቃጥላለሁ። ካላበጥኩ ግን ስሜን መልሺልኝ።"

እናቴ ፊቷን አልተሸፈነችም። ያን ያበጠ ፊቷን ይዛ ከወንበሯ ተነስታ ፊት ለፊታቸው ቆመች። እኔን አላየችኝም።

"ይጥረጉት፣ ጋሼ ኢቲቻ" አለች። "ማርዎ ንጹሕ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። የሙላቷን ቅባት ደብቄ ገዝቼ ማርዎ ውስጥ ቀላቀልኩት። ቶሎ እንዲለሰልስልኝ ፈልጌ ነው። በእርስዎ ስም ስለተወራው ሁሉ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ሻሽቱ አፏን በእጇ ያዘች። ጋሼ ኢቲቻ ለረዥም ጊዜ እናቴን ተመለከቷት፤ ከዚያ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው "እሺ" ብለው ቆርቆሯቸውን አነሱ። ዬሮሳን ነች መጀመሪያ የጮኸችው። "እኔንም ልትቀቢኝ ነበር ማለት ነው? ወር ወር እያልሽ ስታሾፊብን!" ሁልጊዜ እርስዎ እያለች ትጠራት የነበረችው ልጅ ናት።

በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ሳልደብቅ ልናገር። እፎይ አልኩ። ለካ እናቴም! ለካ እሷም ተደብቃ ስትቀላቅል ነበር! የፊቷ መቃጠል በእሷ እጅ ነው እንጂ በእኔ አይደለም፤ እኔ የጨመርኩት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እፎይታው ሲያልፍ ደግሞ ንቀት መጣ። በራሴ ፊት ያልሞከርኩትን እያለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ! ይህን ንቀት ለብዙ ዓመት ይዤው ኖርኩ። ስትመክረኝ፣ ስትቆጣኝ፣ ዋሸሽ ስትለኝ፣ በሆዴ "አንቺም" እላት ነበር። አንድም ቀን በአፌ አልወጣም፤ ግን እሷን የማይበት ዓይን ውስጥ እንደነበረ አውቃለሁ።

ያ ዓመት ከባድ ነበር። የፊቷ ቁስል ለመዳን ስምንት ወር ፈጀ፤ ሲድንም ቆዳዋ ስስ ሆኖ፣ መስመሮቹ ከበፊቱ ጠልቀው ተመለሱ። ከአሥር ደንበኛ አንድ ቀረ። ከተማው አንድ ሰው ተደብቆ ነገር ሲሠራ "የእታፈራሁ ቅባት" ማለት ጀመረ፤ እስከ ዛሬም ይባላል። እናቴ ግን በየማለዳው በሩን ከፈተች። ፊቷን ሳትሸፍን በሩ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች። ለሚጠይቃትም ለማይጠይቃትም "ይኸው፣ ያ ቅባት እንዲህ ያደርጋል" ትላለች። ጥቂት ቆይቶ አንዲት የቢሮ ሴት ሙላቷ የሸጠችላትን ብልቃጥ ይዛ መጥታ "እንዴት ነው የማቆመው?" ብላ ጠየቀቻት። ከዚያም ሌላዋ። እናቴ ሆስፒታል ይዛቸው ትሄድ ጀመር። ፀጉር ቤቱ በዚህ ሁኔታ ከሞት ተነሳ፤ አልተዘጋም፣ ቡና ማገላበጥም አልተመለሰችም። ከሦስት ዓመት በኋላ ሙላቷ እራሷ ሻሿን ፈታ ያቺ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

እኔ አሁን ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ባለፈው ወር መስታወት ፊት ቆሜ ከዓይኔ ሥር ሁለት መስመሮች አገኘሁ። ለሰው ሁሉ በየቀኑ የምናገረውን ለራሴ ረስቼ፣ ወደ ኡካ ገጠር ለክትባት ሥራ በወጣሁ ቁጥር ያለ ኮፍያ ስቃጠል ነው የከረምኩት። እሑድ እናቴ ጋ ሄድኩ። ወንበሯ ላይ አስቀምጣኝ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ፊቴን በጣቶቿ ወዲያና ወዲህ አደረገችው።

"ከአባትሽ ወገን አይደለም ይህ፣ የኔው ነው" አለች። "የፀሐይ መከላከያውን ለኔ ታመጪልኛለሽ እንጂ ራስሽ አትቀቢም፣ አይደል?"

"እቀባለሁ፣ አንዳንዴ።" ከዚያም ለጨዋታ ያህል፣ ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም፣ "ቢብስብኝ ደግሞ እንዳንቺ ተደብቄ የሙላቷን እገዛለሁ" አልኳት።

እጇ ፊቴ ላይ ቆመ።

"እኔ? እኔ አንድ ቀን ነክቼው አላውቅም።"

"እማዬ፣ በሰው ፊት ተናግረሽ!"

"ተናግሬያለሁ።" መነጽሯን አወለቀች። "ብልቃጡን ከፍራሽሽ ሥር ያገኘሁት ዓርብ ጠዋት ነው፣ አልጋ ሳነጥፍ።"

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተሸከምኩት ንቀት ለማን ይገባ እንደነበረ በአንድ ጊዜ ገባኝ። "ለምን አልመታሽኝም?" አልኳት፣ እንደ ሕፃን።

"ብመታሽ ትናገሪ ነበር። የተመታ ልጅ ይናገራል። እኔ ሳትመቺ እንድትናገሪ ነበር የፈለግኩት። ዓርብ ጠየቅኩሽ፤ የለም አልሽ። ቅዳሜ ደግሞ ጋሼ ኢቲቻ ቆመው ነበር፤ የዚያን ሽማግሌ ስም ማን ይመልስላቸው? አንዳችን መናገር ነበረብን። አንቺ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሽ፣ ያን ሁሉ ዓይን አትችይውም።"

"ከዚያስ በኋላ? ለምን ዝም አልሽ?"

"ጠበቅኩሽ።"

"እስከ መቼ?"

ፊቴን መልሳ ያዘችው። "እስከ ዛሬ አልተናገርሽም እኮ፣ ሴና። አሁንም እኔ ነኝ የነገርኩሽ።" በቁጣ አልነበረም ያለችው፤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ጋሼ ኢቲቻ ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ለእሳቸው መናገር አልችልም። ለቀሩት ግን እችላለሁ። ቅዳሜ ተረኛ ነበርኩ፣ ከባልደረባዬ ጋር ተቀያየርኩና ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄድኩ። ሞልቶ ነበር። ሻሽቱ ሹሩባ ትሠራለች። ዬሮሳን ሴት ልጇን ለምረቃ ፀጉር ልታሠራ መጥታ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። እናቴ ለከተማው እንግዳ የሆነች ወጣት ሴት ፊት ላይ አጎንብሳ ትሠራለች።

ከመሀል ላይ ቆምኩ።

"የእታፈራሁ ቅባት የምትሉት የእሷ አይደለም" አልኩ። "እኔ ነኝ። አሥር ዓመቴ ነበር። ከእትዬ ሙላቷ ተቀብዬ በክብሪት እንጨት እየጨለፍኩ በእናቴ ዕቃ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ። እሷ አላወቀችም ነበር። ፊቷን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፣ በጋሼ ኢቲቻ ፊት ያሳፈርኳትም እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ዝም ብያለሁ።"

የፀጉር ማድረቂያው ብቻ ይጮኻል። ሻሽቱ አጠፋችው። ዬሮሳን ተነሳች፤ እኔን አልፋ እናቴ ፊት ቆመች።

"እትዬ እታፈራሁ" አለች። "በሠርጌ ሰሞን ያልኩዎትን…"

"ተይው" አለች እናቴ፣ ቀና ሳትል። "ሙሽራ ነበርሽ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗን እንባ ሞልቶት ነበር፤ ድምፅዋ ግን ቁጣ ነው። "ማን ጠየቀሽ? በሥራ ሰዓት! ሰው ተቀምጦ!"

"ማንም አልጠየቀኝም" አልኩ።

ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው እንግዳ ሴት ዓይኗን ገልጣ ግራ ተጋብታ አየችን። "ማን ናት?" አለች።

እናቴ በጣቶቿ የሴትየዋን ዓይኖች መልሳ ቀስ ብላ ከደነቻቸው።

"ልጄ ናት" አለች። "ትዘገያለች እንጂ ትናገራለች።"